የእሜቴ ሽምግልና

ሾላ ሜዳ ላይ ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት ግራ ይገባዋል፤ ለማስታረቅ የተቀመጡት ሰዎች በድንገት ስለ መኪና ማውራት የጀመሩ ይመስለዋል። የአገሩ ሰው ግን አይስቅም፣ አይጠይቅምም። ባልየው አንገቱን ደፋ ያደርጋል፣ ሚስትየዋ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ነገሩም ከዚያ ወዲያ በረድ ብሎ ይቀጥላል። አባባሏ ከቅድመ አያት የወረደች አይደለችም። የተወለደችው በአንድ የሽንኩርት ሰሞን፣ ትርንጎ የምትባል ሴት በር ላይ፣ ሁለት ወገኖች አንዲትን ቃል ለየቅል ስለተረዷት ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ትርንጎ በሩን ስትከፍት ጋሽ ወልደየስና ጋሽ ንጋቱ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ደጃፏ ላይ ቆመዋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ጋቢ ደርበው አብረው ከመጡ፣ ወይ ለቅሶ አለ ወይ ጠብ አለ። ትርንጎ ግን እንዲያ አላሰበችም። የሁለቱም ሽንኩርት ከእሷ ሽንኩርት ጋር አንድ ዳስ ሥር ተከምሯልና ስለዚያ የመጡ መሰላት።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ ጋሽ ወልደየስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወሬው እኛም ጆሮ ደርሶ ነው የመጣነው።»

«እናንተም ሰማችሁ?»

«ባልሽ አሰግደው ሲናገር በአጥር ሰማሁት» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «‹ልቤን አውልቃዋለች፣ ከእንግዲህ አልታገሣትም፣ ነገ እፈታታለሁ› ሲል።»

«አዎ፣ ዛሬ ሊፈታት ነው። መካኒኩን እየጠበቀ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«መካኒክ ደግሞ እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» አሉ ጋሽ ወልደየስ።

«ታዲያ ብቻውን እንዴት ይፈታታል? ሳህሉ ነው የሚያውቀው።»

«ሳህሉ ምኑን ነው የሚያውቀው?»

«ውስጧን ነዋ።»

ጋሽ ንጋቱ ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ጋሽ ወልደየስ በእጃቸው ዝም አሰኟቸውና እንደገና ወደ ትርንጎ ዞሩ። «አንቺስ ምን አልሽ፣ ልጄ? ዝም ብለሽ ልታዪ ነው?»

«ምን እላለሁ፣ ጋሼ። ትንሽ ታገሥ ብዬ ለመንኩት። ግን እሱም እውነቱን ነው፤ አርጅታለች። ገና ሲነካት ትጮኻለች። እኔ ወደዚህ ቤት ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ከእሱ ጋር ስለኖረች እንጂ…»

«ከአንቺ በፊት?» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «ሁለት ናችሁ እንዴ?»

ትርንጎ ያን ጊዜ ገባት። ፊቷ ነደደ። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደችና ቀስ ብላ፣ «ስለ እሜቴ እኮ ነው የማወራው። ስለ መኪናዋ» አለች።

በእኛ ቋንቋ ትዳርም ይፈታል፣ የመኪና ካምቢዮም ይፈታል፤ በአጥር የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ የትኛው እንደሆነ የሚያይበት ዐይን የለውም።

«ይኸው» አሉ ጋሽ ንጋቱ በመጨረሻ፣ ጋቢያቸውን እየተመለከቱ። «አሳጥቤ፣ ለብሼ፣ የካምቢዮ ሽማግሌ ሆኜ ቀረሁ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትርንጎ ከልቧ ትስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሳቅ አልመጣላትም። ከቤቱ ጀርባ፣ ዝናብ በማይመልሰው ዳስ ሥር፣ የእሷና የጎረቤቶቿ የዓመት ልፋት ተነቅሎ ተከምሯል። ሽንኩርት ትዕግሥት የለውም። ተነቅሎ ዝናብ ከነካው ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ሰማዩ ደግሞ ያለ ወቅቱ በደብረ ሲና በኩል ጠቁሮ ነበር። ከሾላ ሜዳ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ አሸዋማ ወንዝ ያቋርጣል። ከከተማ የሚመጣ ሹፌር ወንዙን ሲያይ መሪውን አዙሮ ይመለሳል። ወንዙን የለመደችው እሜቴ ብቻ ናት።

እሜቴ የአሰግደው አሮጌ የጭነት መኪና ናት። ዳገት ስትወጣ እንደ ወይዘሮ ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳታይ ስለምታልፍ ነው ሰው ያን ስም ያወጣላት። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ማርሽ አልቀበል ብላለች። ሹፌሩ ሲቀይር ብረት ከብረት እየተፋጨ ትንጫጫለች፤ ኋላ ማርሽ ሊያስገባ ሲልማ ጩኸቷ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። አሰግደው ታገለ፣ ተሳደበ፣ በመጨረሻም ፈረደ፦ ማርሹ ያለበት ካምቢዮ ሞቷል፣ ይፈታ። ካምቢዮ ከተፈታ ደግሞ የተበላው ጥርስ አዲስ አበባ ተሂዶ መፈለግ አለበት። ለእንዲህ ያለች አሮጌ መኪና ዕቃ ተፈልጎ እስኪገኝ፣ ሽንኩርቱ ቀርቶ የሚቀጥለው ዘር ይበቅላል።

ትርንጎ ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገረቻቸው። ብዙ መናገር አትወድም፤ ሲከፋት ደግሞ ቃሏ ይበልጥ ያንሳል። ጋሽ ወልደየስ ሰምተው ሲጨርሱ የሚመለሱ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ከዘራቸውን ወደ ጓሮው አቀኑ።

«ጋሼ፣ ወዴት?» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

«ጠብ አለ ተብዬ ነው ከቤቴ የወጣሁት። ጠቡም አለ። ሳላየው ብመለስ ምን ሽማግሌ ነኝ?»

ጓሮ አሰግደው ጋቢናው ውስጥ ተቀምጧል። ሞተሩ ያጓራል፤ እሱም በሁለት እጁ የማርሹን ዘንግ ይገፋል። በዚህ መሃል የደረሰው መካኒኩ ሳህሉ የቁልፍ ከረጢቱን መሬት አስቀምጦ የሸሚዙን እጅጌ እየጠቀለለ ነበር። ሁለቱን ሽማግሌዎች በነጭ ጋቢ ሲያያቸው ደነገጠ።

«ሰው ሞተ እንዴ?»

«ገና ነው» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «ልትገድሉ ስትሉ ደረስን።»

ጋሽ ወልደየስ ስለ መኪና አንዳች ነገር አያውቁም፤ ይህንንም ራሳቸው ተናገሩ። የሚያውቁት ጠብ ብቻ ነበር። ሲሸመግሉ ደግሞ የማይለቁት ደንብ አላቸው፤ ጠቡ መቼ ጀመረ፣ ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ፣ ከአንዱ ጋር ነው ወይስ ከሁሉም ጋር ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ በፊት አይፈርዱም። የተገለበጠ በርሜል ስበው ተቀመጡና ጠባያቸውን ሳይለውጡ ጀመሩ።

«አሰግደው፣ ከመቼ ወዲህ ነው የማትስማሙት?»

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ብረት ናት።»

«አንተም ብረት ሆነሃል። ለዚህ ነው የተፋጫችሁት። መልስልኝ።»

አሰግደው ወደ ትርንጎ አየ። ትርንጎ መሬት መሬት እያየች ነበር። ተነፈሰና መለሰ። «ከፋሲካ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ደህና ነበረች።»

«ቀስ በቀስ ነው የከፋችብህ ወይስ ባንድ ጊዜ?»

«ባንድ ጊዜ። ለዚህ እኮ ነው ካምቢዮው ውስጥ የተሰበረ ነገር አለ የምለው።»

«እምቢ የምትልህ በአንዱ ማርሽ ነው ወይስ በሁሉም?»

«በሁሉም። ኋላ ማርሽ ሲሆን ይብስባታል።»

እጅጌውን ሲጠቀልል የነበረው ሳህሉ ቆም አለ። «በሁሉም ነው እንዴ? ስትደውልልኝ እንዲህ አላልከኝም።»

«ካምቢዮው ሞቷል አልኩህ፣ ሌላ ምን ልበል?»

«አዎ፣ በሽተኛው ራሱ በሽታውን ነግሮኝ ነው የመጣሁት» አለ ሳህሉ ለሽማግሌዎቹ። «እኔም ሳልመረምር ቁልፌን አነሳሁ።»

ጋሽ ወልደየስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ። ያንተን ሰማሁ፤ አሁን ደግሞ እሷ ትናገር።»

«እየተናገረች ነው እኮ፣ ጋሼ። አይሰማዎትም?» አለ አሰግደው፣ በሞተሩ ጩኸት ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ይሄ መናገር አይደለም፣ መጮህ ነው። እየጮኸ የሚናገር ሰው ቃል ተቀብዬ አላውቅም፤ የእሷንም አልቀበልም። አጥፋት።»

አሰግደው ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ። ጓሮው በአንድ ጊዜ ሰፋ ያለ መሰለ፤ ከወንዙ በኩል የወፍ ድምፅ ይሰማ ጀመር።

«አሁን በዝምታዋ ጠይቃት። ያንን የምትታገለውን ነገር አስገባ።»

አሰግደው እንደለመደው ትከሻውን አስተካክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ በሙሉ ኃይሉ ገፋ። ዘንጉ ምንም ሳይቃወመው ሸተት ብሎ ገባ፤ ክርኑ ሄዶ ከፊቱ ካለው ብረት ጋር ተላተመ። እጁን እያሻሸ ዘንጉን ተመለከተ። ወደ ሁለተኛ ሳበው፣ ገባ። ሦስተኛ፣ ገባ። አራተኛም እንደዚሁ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚፈራ ሰው፣ ወደ ኋላ ማርሽ ወሰደው። ትንፍሽ ሳትል ተቀበለችው።

«እንደገና» አለ ሳህሉ። የቁልፍ ከረጢቱን በእግሩ ወደ ጎን ገፍቶ ወደ ጋቢናው ተጠግቷል።

አሰግደው ደገመው። ሁሉም ገቡ።

ሳህሉ ፊቱ በራ። «ካምቢዮው ጤነኛ ነው። ጥርሱ ተበልቶ ወይም ዘንጉ ተጣሞ ቢሆን ኖሮ ጠፍታም እምቢ ትል ነበር። ጠፍታ ሁሉም ከገባ፣ ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ከሆነ የምትጣላው፣ ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው በደንብ አያላቅቅም።»

«እንደ እኛ አድርገህ ተናገር» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

«ሁለት ሰው ተያይዞ ሲጓተት አንዱ መሃል ገብቶ ያላቅቃቸው የለ? ፍሪሲዮን ማለት እሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ካላላቀቀ፣ ሞተሩ ካምቢዮውን እየጎተተው ማርሽ እንዴት ብሎ ይገባል?»

«ገላጋይ ነው በለኛ» አሉ ጋሽ ንጋቱ ወደ ጓደኛቸው ዞረው። «የሙያ ባልደረባችን ነው።»

ትርንጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። አሰግደው ግን ደስ አላለውም። «ፍሪሲዮኑ ተበልቶ ከሆነስ? እሱን ለማውጣት ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም። ያው መፈታቷ ነው።»

ይህም እውነት ነበር። ሳህሉ አልካደም። ሰማዩን አየ፣ ዳሱን አየ፣ ከዚያም ጀርባውን ለመሬት ሰጥቶ መኪናዋ ሥር ገባ። «ከመፈታቷ በፊት ሌላ የማየው አለኝ» አለ ከሥር። «ፍሪሲዮኑን ርገጥ።»

«ረገጥኩ።»

«እስከ መጨረሻው ርገጥ።»

«ረግጫለሁ አልኩህ።»

«አልረገጥክም። እዚህ ያለው ዘንግ መንገዱን ሳይጨርስ ይቆማል። በደንብ ርገጥ እንጂ።»

«እግሬን ልሰብር እንዴ? ከዚህ በላይ አይወርድም።»

«ከላይ ምን አቆመው ታዲያ? ከሥር ያገደው ነገር የለም።»

ሁለቱ ሳይተያዩ ተጯጯሁ፤ ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። ጋሽ ወልደየስ ከበርሜሉ ላይ፣ «እናንተንም ላጥፋችሁ?» አሉ።

በዚህ መሃል ትርንጎ ወደ ተከፈተው የጋቢና በር ተጠግታ ነበር። ከቆመችበት የአሰግደው ፊት አይታያትም፤ በዐይኗ ልክ ያለው እግሩ ነበር። አሰግደው ለፋሲካ ጋቢናውን አሳምሮት ነበር። መስታወቱ ላይ ዶቃ ሰቅሏል፣ ወንበሩን አዲስ ልብስ አልብሷል፣ ወለሉ ላይ ደግሞ አንበሳ ያለበት ወፍራም ቀይ ምንጣፍ አንጥፏል። ምንጣፉ ለጋቢናው ስለረዘመበት ሊቆርጠው ሳሳ፤ አንበሳው አንገቱ ላይ ሊቆረጥ ነው። ስለዚህ በእግሩ በኩል አጥፎ ደረበው። ጫማውን ሳያወልቅ የሚገባ ሰው ካለ ይቆጣ ነበር።

«ወለሉ ላይ አልደረሰም» አለች ትርንጎ።

ድምጿ ትንሽ ስለነበረ ማንም አልሰማትም። ሳህሉ ከሥር «ርገጥ» ይላል፤ አሰግደው ከላይ «ረገጥኩ» ይላል። ትርንጎ የጋቢናውን ብረት ይዛ አንድ ደረጃ ወጣች።

«አሰግደው፣ የረገጥከው ምንጣፉን ነው። ወለሉን አልረገጥከውም።»

አሰግደው ወደ እግሩ አየ። የፍሪሲዮኑ ፔዳል የታጠፈው ምንጣፍ ውስጥ ሰምጦ፣ የአንበሳው ጎፈር ላይ ተኝቷል። በፔዳሉና በወለሉ መካከል ሦስት ጣት ያህል ቀርቷል።

መልስ አልጠበቀችም። እግሩን አነሳችና የምንጣፉን ጫፍ ይዛ ሳበች። ከወንበሩ ሥር እየተጎተተ ወጣ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ አቧራ እንዳይገባ ብሎ ያነጠፈው አሮጌ ጎማ ነበር፤ እሱንም ሳበችው። ሁለቱንም በክንዷ ታቅፋ ወረደች።

«አሁን ርገጥ» አለች።

አሰግደው ረገጠ። ፔዳሉ ወርዶ ከባዶው ብረት ጋር ሲገናኝ ‹ጠቅ› የሚል ድምፅ ተሰማ። ከመኪናዋ ሥር ሳህሉ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«ደረሰ» አለ። «አሁን ገና ላቀቀ።»

ከሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነገሩን ገለጸላቸው። አሮጌ መኪና ስለሆነች ፍሪሲዮኗ የሚላቀቀው ፔዳሉ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነው፤ ያቺን መጨረሻ ደግሞ ምንጣፉ በልቷታል። አዲስ መኪና ብትሆን ኖሮ ምንጣፉ ላያስቸግራት ይችል ነበር። ተመልሶ ሥር ገባና አንድ ብሎን አላልቶ ዘንጉን በመጠኑ አስተካከለው፣ መልሶ አጠበቀው። ከዚያ ከረጢቱን ዘጋ።

«አስነሳት» አሉ ጋሽ ወልደየስ።

ሞተሩ ተነሳ። ሁሉም ዐይናቸው የአሰግደው እጅ ላይ ነበር። ትርንጎ ምንጣፉን በደረቷ አጥብቃ ያዘች። አሰግደው ፍሪሲዮኑን ረግጦ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ በሁለት ጣቱ ዘንጉን ወደ ኋላ ማርሽ ሳበው። የለመዱት ጩኸት አልመጣም። ዘንጉ ቦታውን ያዘ፤ እሜቴም እንደ ቀድሞው፣ እንደ ወይዘሮ፣ ማንንም ሳታይ ቀስ ብላ ወደ ዳሱ አፈገፈገች።

ጋሽ ንጋቱ ሳቃቸው መጣ። «አንተ ልጅ፣ ገላጋዩ ሊገባ ሲል በሩ ላይ አንበሳ አስቀምጠህበት፣ በምን ይግባ?»

አሰግደው መሪውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞሮ፣ «ልትፈታ ነበር እኮ» አለ፤ ሳቁ በመሃል ቀረ። ትርንጎ ምንጣፉን አራግፋ አጥሩ ላይ ሰቀለችውና ጎረቤቶቿን ልትጠራ ሄደች። ከዚያ በፊት እንደዚያ ጮክ ብላ ስትጣራ የሰማት ሰው አልነበረም።

ወንዱም ሴቱም መጣ። ጆንያ የሚሞላው ይሞላል፣ የሚሰፋው ይሰፋል፣ የሚሸከመው ይሸከማል። ጋሽ ንጋቱ ጋቢያቸውን አውልቀው ዛፍ ላይ አንጠልጥለው ጆንያ ያቀብሉ ነበር። ነፋሱ የዝናብ ሽታ ይዞ ሲመጣ የመጨረሻው ጆንያ ወጣ፤ ሸራው ተወጥሮ ሲታሰር የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሸራውን መቱት። ከሥሩ ባሉት ጆንያዎች ላይ አንድም ጠብታ አላረፈም።

እሜቴ ወንዙን በአንደኛ ማርሽ ተሻገረች፤ አሸዋው ከጎማዋ ሥር ተንሸራተተ፣ ውሃው ተገመሰ፣ ማዶ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ነው። ሰው ሁሉ ዝናቡን ረስቶ ወንዙ ዳር ቆሞ ያዳምጥ ጀመር። መኪናዋ በዛፎቹ ተጋርዳ አትታይም፤ ድምጿ ግን ይሰማል። ሞተሩ ሲያጓራ፣ ለአፍታ ሲለግም፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲቀጥል፣ ትርንጎ በከንፈሯ ብቻ «ሁለተኛ» አለች። መጠምዘዣው ላይ ደግሞ ሌላ ለውጥ ተሰማ። «ሦስተኛ» አለ ሳህሉ ከጎኗ፣ ራሱ የወለዳት ይመስል። አንድም ብረት ከብረት ጋር አልተፋጨም። አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት፤ እልልታው ሞተሩን ተከትሎ ዳገቱን ወጣ።

በዚያው ቀን እሜቴ ደብረ ሲናን አልፋ፣ ጣርማ በርን ወጥታ፣ ሽንኩርቱን ደርቆ እንደተጫነ ገበያ አደረሰች።

ወንዙ ዳር ያለው ሰው መበተን ሲጀምር ጋሽ ንጋቱ የረጠበ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ እየጣሉ፣ «እኔ ምለው፣ ጋሼ» አሉ፣ «እንግዲህ መንደሩ ሁሉ ሽምግልና ሄዳችሁ ምን ብላችሁ ጨረሳችሁ ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ምን እንበል?»

ጋሽ ወልደየስ ወደ ዳገቱ ጆሯቸውን እንደሰጡ፣ ድምፁ ከመጠምዘዣው ማዶ እስኪጠፋ ጠበቁና እንዲህ አሉ፦ «ሞተሩን ሳታጠፋ፣ አትፍታ።»